ከቡና እጣቢ ስለሚገኘው ጋዝና ስለ መርዙ

ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣው እጣቢ ስኳር ስላለበት፥ አየር በማይገባው ማብላያ ሲቀመጥ ለምድጃ የሚሆን ባዮጋዝ ይሰጣል። ነገር ግን በእጣቢው ካለው ድኝ፥ እንደ በሰበሰ እንቍላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዝ አብሮ ይወለዳል። ይህ መርዝ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 100 እጅ ሲደርስ ማሽተትን ያደነዝዛልና፥ ሽታው ጠፋ ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ስለዚህ ከቦሳ ኪቶ አንሥቶ በጅማ ዙሪያ ባለው የቡና አገር ማብላያ ያላችሁ ሁሉ፥ በጋዙ ቧንቧ መካከል የዛገ የብረት ፍቅፋቂ የሞላበት ማጣሪያ እንድታገቡ እንመክራለን፤ ዝገቱ መርዙን ይዞ ያስቀረዋል። ፍቅፋቂው ሲጠቍር ይለወጥ፤ አየር ሲነካው ይግላልና አርጥባችሁ ከሚቀጣጠል ነገር አርቁት።

በማብላያው ውስጥ ሰው ቢወድቅ፥ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ተከትሎ የሚገባ ወገኑን ሳያድን ራሱም ሊሞት ይችላል።