ቻርልስተንን የገነባት ማን ነው?

የአንዲት ከተማ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ስሙ የሚጠራው ገዢው፣ ባለሀብቱና የጦር አዛዡ ነው። ጡቡን የደረደረው፣ እህሉን ወቅጦ ያበላው፣ ብረቱን የቀጠቀጠው ሕዝብ ግን ስሙ ከነሙያው ተረስቶ ይቀራል። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል፣ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኘው ጥንታዊቷ የቻርልስተን ከተማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት።

ይህችን ከተማ የሚጎበኝ ሰው ሰፋፊ በረንዳ ያላቸውን ያማሩ ቤቶቿንና በብረት ጌጥ የተዋቡ በሮቿን አይቶ ያደንቃል። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሀብት ከየት መጣ? የማንስ እጅና የማንስ እውቀት ነው ያስገኘው? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሩዝና ባርነት

እንግሊዞች በስፍራው የሰፈሩት በ1670 ነው። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ባርቤዶስ ከምትባለው የካሪቢያን ደሴት የመጡ ሲሆኑ፣ በዚያ በስኳር እርሻ የለመዱትን የባርነት ሥርዓት ይዘው ነው የተሻገሩት። ከተማዋ በ1680 አሽሊና ኩፐር በተባሉት ሁለት ወንዞች መካከል ወዳለው ልሳነ ምድር ተዛወረች። መጀመሪያ በንጉሡ ስም ቻርልስ ታውን ትባል ነበር፤ ከአሜሪካ ነፃነት በኋላ በ1783 ቻርልስተን ተባለች።

ከተማዋ በሃይማኖት መቻቻል ትታወቅ ነበር። በእምነታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ሁጉኖዎች ተጠግተውባታል፤ አይሁዶችም በ1749 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመውባታል። ይህ መቻቻል ግን በባርነት ሰንሰለት ለታሰረው አፍሪካዊ አልደረሰውም።

የከተማዋ ሀብት መሠረቱ ሩዝ ነው። የአካባቢው ረግረግ ምድር ለሩዝ የተመቸ ቢሆንም ሰፋሪዎቹ እንግሊዞች ግን የሩዝ ገበሬዎች አልነበሩም። በአንጻሩ ከሴኔጋል እስከ ሴራሊዮንና ላይቤሪያ ባለው የምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የሚኖሩ ሕዝቦች ለብዙ መቶ ዓመታት ሩዝ ሲዘሩ ኖረዋል። የአፍሪካውያኑ እውቀት ድርሻ ምን ያህል ነበር በሚለው ላይ የታሪክ ሊቃውንት ይከራከራሉ። ይሁን እንጂ ረግረጉን መንጥረው፣ ግድቡን በአካፋ ሠርተው፣ በባሕሩ ሙላት የሚገፋውን የወንዝ ውሃ ወደ ማሳው እያስገቡና እያስወጡ ሩዙን ያበቀሉት እነርሱ መሆናቸው አያከራክርም። ሩዙም የሚወቀጠው በእንጨት ሙቀጫና ዘነዘና፣ የሚነፍሰውም በአፍሪካ አሠራር በተሰፋ ሰፌድ ነበር። የባሪያ ነጋዴዎችም ይህን ያውቁ ስለነበር በከተማዋ ጋዜጦች ላይ ሲያስተዋውቁ ምርኮኞቹ «ከሩዝ ጠረፍ» የመጡ መሆናቸውን ለይተው ይጠቅሱ ነበር። ሰውን ሰብአዊነቱን ክዶ እውቀቱን ግን ዋጋ አውጥቶ መሸጥ ማለት ይህ ነው።

በዚህ ሁኔታ በ1708 ገደማ በሳውዝ ካሮላይና የጥቁሮቹ ቁጥር ከነጮቹ በለጠ። በ1770ዎቹ ቻርልስተን በሰሜን አሜሪካ ከነበሩት የእንግሊዝ ቅኝ ከተሞች በስፋት አራተኛ፣ በሀብት ደግሞ ቀዳሚ ሆና ነበር። ወደ ሰሜን አሜሪካ ከተጋዙት አፍሪካውያን መካከል ከመቶ 40 ያህሉ የገቡት በዚህች ወደብ በኩል እንደሆነ ይገመታል።

ብዕርን የከለከለ ሕግ

በመስከረም 1739 ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው የስቶኖ ወንዝ አጠገብ ባሮች መሣሪያ አንስተው አመፁ። አመፁ በደም ተጨፈለቀ። በዓመቱ በ1740 የወጣው ሕግ ባሮች ያለ ፈቃድ እንዳይሰበሰቡና እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ። ከዚህም አልፎ ባሪያን ጽሕፈት ያስተማረ ሰው 100 ፓውንድ እንዲቀጣ ደነገገ። ሕግ አውጪዎቹ ከጦርና ከጎራዴ እኩል የፈሩት ብዕርን ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር አላሰቡም። መርከቦቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ ይጭኗቸው ከነበሩት ሰዎች መካከል ቀድሞውኑ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ ነበሩ። ከሴኔጋልና ከጋምቢያ ወንዞች አካባቢ ከተማረኩት ውስጥ ቁርኣን ቀርተው ያደጉና ለዓመታት በዑለማ እግር ሥር የተቀመጡ ሙስሊሞች ይገኙባቸዋል።

ከነዚህ አንዱ ዑመር ኢብን ሰዒድ ነው። በ1770 ገደማ ፉታ ቶሮ በተባለው አገር የተወለደው ዑመር 25 ዓመት በትምህርት እንዳሳለፈ ራሱ ጽፏል። በ1807 ተማርኮ ባሕር ተሻግሮ ቻርልስተን ላይ ተሸጠ። ጊዜው የአሜሪካ ሕግ ከጥር 1808 ጀምሮ የውጭ የባሪያ ንግድን ሊከለክል የተቃረበበት ወቅት ነበር። የሳውዝ ካሮላይና ነጋዴዎችም ክልከላው ከመድረሱ በፊት ባሉት አራት ዓመታት ወደ 40,000 የሚጠጉ ሰዎችን አጋዙ።

ዑመር የገዛው ሰው ጨካኝና ፈሪሃ አላህ የሌለው ስለነበር ጠፍቶ በእግሩ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተጓዘ። እዚያም ተይዞ በታሰረ ጊዜ በወህኒ ቤቱ ግድግዳ ላይ በዐረብኛ ጻፈ። ሰዎች በመገረም እየመጡ ያዩት ነበር። ኋላም ሌላ ጌታ ገዛው። በ1831 የሕይወት ታሪኩን በ15 ገጽ በዐረብኛ ሲጽፍ የከፈተው በሱረቱል ሙልክ ነው። ሱራው ስለ ባለቤትነትና ሥልጣን የሚናገር ነው። ሰው እንደ ንብረት የያዘው ዑመር ይህን ሱራ መምረጡ በአጋጣሚ አይደለም የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። በ1820 ገደማ ክርስትና እንደተነሳ መዝገቡ ቢያሳይም፣ ከዚያ በኋላ በጻፋቸው ወረቀቶች ላይ የቁርኣን አንቀጾች ይገኛሉ፤ በዚህም የተነሳ ሊቃውንቱ ስለ እምነቱ እስከ ዛሬ ይወያያሉ። ዑመር ከባርነት ሳይወጣ በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል ሞተ። የጻፈው ግን አልሞተም። በአሜሪካ በባርነት ሳለ በዐረብኛ ከጻፈ ሰው እጅ የተረፈ ብቸኛው የሕይወት ታሪክ ሆኖ በ2017 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገዝቶ አስቀምጦታል። ታሪኩም «ዑመር» በሚል ኦፔራ ተሠርቶ በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እርሱ በተሸጠባት በቻርልስተን ከተማ ነው።

የከተማዋ ሠራተኛና ፍርሃቷ

በከተማዋ ውስጥ ግንበኛው፣ አናጢው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ በገበያ አትክልት የምትቸረችረውም ሴት በአብዛኛው ባሮች ነበሩ። ጌታው ባሪያውን ለሌላ ሰው ሲያከራይ ባሪያው ቁጥርና የሥራ ዓይነት የተቀረጸበት የመዳብ ምልክት እንዲይዝ ይገደድ ነበር። ደመወዙን የሚወስደው ግን ጌታው ነው።

ዴንማርክ ቬሲ የተባለው አናጢ በሎተሪ ባገኘው ገንዘብ በ1799 ነፃነቱን ገዛ። በ1822 አመፅ አሲረሃል ተብሎ ከሌሎች 34 ሰዎች ጋር በስቅላት ተቀጣ። ምስክርነቱ የተሰማው በዝግ ችሎት በመሆኑ ሴራው ምን ያህል እውነት እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከራሉ። እርሱና ጓደኞቹ ይሰበሰቡበት የነበረው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያንም ፈረሰ። የእርስ በርሱ ጦርነት የመጀመሪያ ተኩስ የተሰማው በዚሁ ወደብ ሚያዝያ 12 ቀን 1861 ነው። ከተማዋም በየካቲት 1865 እጇን ስትሰጥ ቀድመው ከገቡት ወታደሮች መካከል ጥቁሮች ነበሩበት።

የተረፈው ቅርስ

ባርነቱ ቋንቋቸውን ጨርሶ አላጠፋውም። በጠረፉና በደሴቶቹ የሚኖሩት የባሮቹ ልጆች የሚናገሩት ጉላ ለረጅም ጊዜ «የተበላሸ እንግሊዝኛ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ሎሬንዞ ዳው ተርነር የተባለው ጥቁር ምሁር ግን ለዓመታት ከሽማግሌዎች አፍ እየሰማ ከመዘገበ በኋላ በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ከአፍሪካ ቋንቋዎች የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትና ስሞችን አሳየ። ሰፌዱም አልጠፋም። ሩዙ ከቀረ በኋላም ሴቶች ከጠረፉ ሣር እየሰፉ በከተማዋ ጎዳናዎች ይሸጡታል። ጎብኚው የሚያደንቃቸውን የብረት በሮች ብዙዎቹን የሠራው ፊሊፕ ሲመንስ (1912–2009) ሙያውን የተማረው በባርነት ከተወለደ አንጥረኛ ነው።

ከተማዋ በ1931 ታሪካዊ ቤቶቿን የሚጠብቅ ደንብ በማውጣት በአሜሪካ ቀዳሚ ሆናለች። ነገር ግን የተጠበቀው ቤቱ እንጂ የቤቱ ሠሪ ታሪክ አልነበረም። በ2013 ለአንድ አዳራሽ ግንባታ መሬት ሲቆፈር መቃብራቸው የተረሳ የ36 ሰዎች አጽም ተገኘ፤ በ2019 በክብር ዳግም ተቀበረ። በሰኔ 2015 ቬሲ ከነበረበት ማኅበር በተወለደው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ የዘር ጥላቻ ያሳወረው ነጭ ወጣት ዘጠኝ ሰዎችን ገደለ። በ2018 የከተማዋ ምክር ቤት ስለ ባርነት ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2023 ደግሞ ባሮች ይራገፉበት በነበረው ጋድስደንስ በተባለው የመርከብ ማረፊያ ላይ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ተከፈተ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ የእጅ ሙያ እውቀት ነው። ሩዝ ማብቀል፣ ሰፌድ መስፋት፣ ብረት መቀጥቀጥ የአንድ ሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። ሙያተኛውን የሚንቅ ኅብረተሰብ የራሱን ታሪክ ይንቃል። ሁለተኛ፣ በቻርልስተን ወደብ ካለፉት እልፍ አእላፍ ሰዎች መካከል ዛሬ ድምፁን የምንሰማው ዑመርን የመሰሉ ጥቂቶችን ብቻ ነው። ድምፁ የተሰማውም 15 ገጽ ስለጻፈ ነው። ሌሎቹ የሚያውቁት አንሶ ሳይሆን የሚጽፉበት ተነፍጓቸው ነው።

እኛ ግን ማንም አልከለከለንም። በየከተማችን መስጊዱን የሠሩትን፣ ገበያውን ያቀኑትን፣ ሸማውን የሸመኑትን አባቶችና እናቶች የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ተርነር እንዳደረገው ደብተር ይዞ ቁጭ ብሎ መጠየቅና መመዝገብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እነዚህ ሽማግሌዎች ካለፉ በኋላ ግን የሚመልስልን አናገኝም።