ክራሩ ወደ ግራ፣ ማሚቶውስ ወዴት?

በማኅበራችን ውስጥ መኝታ ክፍሉን ስቱዲዮ ያደረገ ልጅ እየበዛ ነው። ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክና ሄድፎን ካለ ዘፈን መቅዳት ይቻላል። የሚያስቸግረው ሚክሱ ነው። ክራሩን ወደ ግራ፣ ማሲንቆውን ወደ ቀኝ እናደርጋለን። ከዚያ ሁሉም ላይ ሪቨርብና ዲሌይ እንጨምራለን። መጨረሻ ላይ ግን ማሚቶው ሁሉ መሐል ላይ ይከማችና ግጥሙን ይሸፍነዋል። የዛሬው ትምህርት ይህ ነው፦ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ማሚቶውም ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታውን የምንመርጠውም ቃሉ እንዲሰማ ብለን ነው።

ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ውጭ አገር ካደግነው ብዙዎቻችን አማርኛን ከቤት ቀጥሎ የለመድነው ከዘፈን ነው። በአማርኛ ደግሞ ማጥበቅና ማላላት ትርጉም ይለውጣል። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ይሆናል። ልዩነቱ «ለ» ላይ የምንቆይበት ቅጽበት ነው። ረጅም ሪቨርብ ሲደረብበት ያ ቅጽበት ይደበዝዛል።

ጆሮ ቦታን እንዴት ያውቃል?

የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ከጆሮ ልጀምር። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከግራ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮ ላይ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቀኙ ላይ ለመድረስ ቢበዛ 0.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ጭንቅላታችንም ስለሚከልለው ትንሽ ደከም ብሎ ይደርሳል። አንጎል ሁለቱን አነጻጽሮ «ግራ ነው» ብሎ ይወስናል። ፓን የምንለው ቁልፍ በአብዛኛው የሚጠቀመው በጥንካሬው ልዩነት ብቻ ነው፦ አንዱን ስፒከር ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል።

ጊዜውን የሚነካው ዲሌይ ነው። ሔልሙት ሐስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው ጥናት፣ አንድ ድምፅና ግልባጩ በ30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ውስጥ ተከታትለው ሲመጡ ጆሮ እንደ አንድ እንደሚሰማቸው አሳይቷል። ቦታውንም ቀድሞ ከደረሰው ይወስዳል። ከዚያ በጣም ሲዘገይ ግን ሁለተኛው እንደ ገደል ማሚቶ ለብቻው ይሰማል።

ሪቨርብ፦ ሦስት ምርጫዎች

መጀመሪያ ሪቨርቡን መሣሪያው ላይ በቀጥታ አትጫኑት። ለብቻው ሪተርን ትራክ ክፈቱለትና ከክራሩ ሴንድ ላኩበት። ያን ጊዜ ሪቨርቡ የራሱ ፓን ይኖረዋል።

1. በሁለቱም በኩል። ሰፊ ስቴሪዮ ሪቨርብ ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ያስቀምጣል። ለድምፃዊው ይስማማል፤ ግን ፕሪ ዲሌዩን ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ አድርጉት። ቃሉ መጀመሪያ ይወጣል፣ ሪቨርቡ ይከተላል። ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን የሪቨርቡን ድምፅ ብትቆርጡለት ደግሞ ከበሮው አይታፈንም።

2. በዚያው በኩል። ክራሩ ግራ ከሆነ ሞኖ ሪቨርቡንም ግራ አድርጉት። ክራሩ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ የሚመታ ይመስላል፣ መሐሉም ለግጥሙ ክፍት ይሆናል።

3. በተቃራኒው በኩል። ክራሩ ግራ፣ ሪቨርቡ ቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን የቫን ሄለንን የመጀመሪያ አልበም በሄድፎን ስሙት፤ ጊታሩ ወደ ግራ፣ ሪቨርቡ ወደ ቀኝ ነው። አንድ ጊታር ሁለቱንም ወገን ይሞላል። ነገር ግን በቀኝ በኩል ማሲንቆ ካለ ሪቨርቡ ይጋፋዋል፤ ይህን ምርጫ መሣሪያው ጥቂት ለሆነ ዘፈን አቆዩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስቴሪዮ ትራክ ላይ ያለው የፓን ቁልፍ በብዙ ፕሮግራሞች ባላንስ ነው። ወደ ግራ ስታዞሩት የቀኙን ድምፅ ያጠፋል እንጂ ወደ ግራ አያመጣውም። የሪቨርቡን ሁለቱንም ጎን ማንቀሳቀስ ከፈለጋችሁ ግራና ቀኙን ለየብቻ የሚያዞረውን የፓን ዓይነት ምረጡ።

ዲሌይ እንደ ተቀባይ

በባህላዊ ዘፈናችን አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዲሌይንም እንደ ተቀባይ አስቡት። ተቀባይ ዘፋኙ ሳይጨርስ አይገባም፤ አፉ ላይም አይቆምም። ስለዚህ ድምፃዊው መሐል ከሆነ ዲሌዩን ወደ አንድ ጎን ውሰዱት። ሁሉንም ቃል አትላኩበት፤ የስንኙን የመጨረሻ ቃል ብቻ ላኩ። ፊድባኩን 20 ወይም 30 በመቶ ላይ ብትተዉት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ዝም ይላል።

ጊዜውን ለማስላት 60,000ን ለቴምፖው አካፍሉት። በ120 ቴምፖ አንድ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ነው። የችክችካ ምት ግን ለሦስት ነው የሚከፈለው። ዲሌዩን ለሁለት ከፍላችሁ 250 ብታደርጉት ከከበሮው ጋር ይጣላል። ለሦስት ስትከፍሉት 167 ያህል ይመጣል፤ ፕለጊኑ ላይ ስምንተኛ ትሪፕሌት የሚለው ማለት ነው። ያኔ ዲሌዩ አብሮ ይጨፍራል።

በአንድ ስፒከር ሲሰማስ?

ሚክሳችሁን የሚሰማው ሰው ሁሉ ጥሩ ሄድፎን የለውም። የአዳራሽ ስፒከር ብዙ ጊዜ ሞኖ ነው። አውቶቡስ ላይ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ሄድፎን ተካፍለው ይሰማሉ። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰሙም አሉ፤ ከአያቶቻችንም ከእኩዮቻችንም መካከል። የተቀባዮቹን መልስ በሙሉ ግራ ላይ ካስቀመጣችሁት ቀኙን ብቻ ለሚሰማ ሰው ዘፈኑ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ግጥም የያዘ ድምፅን ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ጎን አትውሰዱ፤ ለጌጥ የገባ ዲሌይ ግን ቢሄድም ችግር የለውም። ስልኮች ተደራሽነት በሚለው ቅንብር ውስጥ ሞኖ የሚያደርግ ማብሪያ አላቸው፤ ለቤተሰብ ማሳየት ይጠቅማል።

ሞኖ ላይ የሚጎዳ ሌላም ነገር አለ። ክራሩን ቀድቶ ግልባጩን 10 ሚሊ ሰከንድ አዘግይቶ በሌላው ጎን ማስቀመጥ በሄድፎን በጣም ሰፊ ይመስላል። ሁለቱ ሞኖ ላይ ሲደመሩ ግን በ50፣ በ150፣ በ250 ኸርዝና እንዲሁ እየቀጠለ ድምፁ ይሰረዛል። ክራሩ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ይመስላል።

የሳምንቱ ልምምድ

አንድ ዘፈን ክፈቱ። መጀመሪያ ሪቨርብና ዲሌይን በሙሉ አጥፉ፣ መሣሪያዎቹን ብቻ በፓን አስቀምጡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ማሚቶ ከሦስቱ አንዱን ምረጡ። ሞኖ አድርጋችሁ ስሙ፣ ቀጥሎ የግራውን ብቻ፣ ቀጥሎ የቀኙን ብቻ። በመጨረሻ ግጥሙን ለማያውቅ ሰው አሰሙና የሰማውን እንዲጽፍ ጠይቁት። «አለ» የሚለውን በትክክል ከተረዳው ማሚቶው ቦታውን ይዟል ማለት ነው።