የካሴቱን ዘፈኖች ጆሮ ይለያቸው

ጥያቄ፦ የቆየ የሠርግ ካሴታችንን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጠው አንድ ረጅም ፋይል ሆነ። ዘፈኖቹን ፕሮግራሙ ራሱ ቢቆራርጥልኝ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። እንደ ኦዳሲቲ ያሉት ነፃ ፕሮግራሞች በራሳቸው ሲቆርጡ የሚፈልጉት ድምፅ ዝቅ ያለበትን ቦታ ነው፤ ዘፈን ማለቁን አያውቁም። በሠርግ ቅጂ ላይ ደግሞ አንዱ ዘፈን ሲያበቃ ጭብጨባና እልልታ ከሚቀጥለው ጋር ያያይዘዋል። በተቃራኒው ትዝታ የሚያንጎራጉር ድምፃዊ በስንኞች መካከል ትንፋሽ ሲወስድ ማሲንቆውም ረገብ ካለ፣ ፕሮግራሙ አንዱን ዘፈን ለሁለት ይከፍለዋል። ፕሮግራሙ ድምፁን ዝቅ ያለ የሚልበትን መለኪያ ከፍ ዝቅ በማድረግ ይስተካከላል የሚሉ አሉ። ለስቱዲዮ ቅጂ እውነት ነው፤ እዚህ ግን እልልታው ከዘፈኑ እኩል ስለሚጮህ መለኪያው የሚይዘው ልዩነት የለም።

በራስ ጆሮ እየለዩ መቁረጥ ጊዜ ይፈጃል የሚለው ስጋትም የተጋነነ ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የድምፁን ሞገድ በዓይን እየተከተሉ፣ ቅርጹ የተለወጠበትን ቦታ ብቻ ማዳመጥ ይበቃል። በኦዳሲቲ ዘፈኑ ከሚጀምርበት ጥቂት ቀደም ብለው (የክራሩ የመጀመሪያ ምት እንዳይቆረጥ) ጠቅ ያድርጉና ኮንትሮልና ቢን (Ctrl+B) አብረው ይጫኑ፤ በሚከፈተው መለያ ላይ የዘፈኑንና የዘፋኙን ስም ይጻፉ። በመጨረሻ በመለያዎቹ ተከፋፍሎ እንዲወጣ ሲያዙት ፋይሎቹ እነዚያን ስሞች ይይዛሉ። ያልተቆረጠውን ቅጂ ግን በዋቭ ያስቀምጡት፤ በሲዲ ጥራት 30 ደቂቃ 300 ሜጋባይት ያህል ነው። እባክዎ አያጥፉት።