በሐምሌ ወደ ጣና ደሴቶች ስለ መሻገር

ጥያቄ፦ ክቡር ዶክተር፥ የአዲስ አበባ፥ የብሥራተ ገብርኤል ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ለሐምሌ 19 ክብረ በዓል ከ12 ዓመት ልጄ ጋር ወደ ክብራን ገብርኤል ተሻግሬ ልሳለም፥ ነፍሰ ጡር የሆነችው ባለቤቴም ክብራን ለሴት ስለማይፈቀድ አጠገቡ ባለው በእንጦስ ኢየሱስ ትሳለም ዘንድ አስበናል። ከወዳጆቼ ገሚሶቹ «ወባ በመስከረም እንጂ በሐምሌ የለም» ሲሉኝ፥ ገሚሶቹ «በክረምት ቆላ አይወረድም» ብለው ይከለክሉኛል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ ቆላ ሊባል አይገባውም፤ ወባም አብልጣ የምትበረታው ዝናሙ ሲያባራና ያቆረው ውሃ ሲረጋ፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ነገር ግን በሐምሌ ትቀንሳለች እንጂ አትጠፋም፤ ደጋ የለመደ ሰውነትም እርሷን የሚቋቋምበት ስንቅ የለውም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ ወደ 1951 ዓ.ም. የተሻገረው መቅሠፍት በሽታውን ባልለመደው በወይና ደጋው ሕዝብ ላይ ስለወረደ፥ 150,000 ያህል ነፍስ እንዳጠፋ ተገምቷል። እናንተም ከ2,200 ሜትር በላይ የምትኖሩ ናችሁ።

ለባለቤትዎ ፍርዴ አጭር ነው፤ ዘንድሮ ትቅር። ወባ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ተሸሽጋ የእናቲቱን ደም ታሳንሳለች፥ ፅንሱን ታስወርዳለች ወይም ያለ ቀኑ ታስወልዳለች፤ ዶክሲሳይክሊንን የመሰለው መከላከያም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። በዓሉ በሰፈራችሁ ደብርም ይከበራልና በረከቱ አይቀርባትም።

እርስዎና ልጅዎ ግን ከመንገዱ አስቀድማችሁ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ፤ የልጁ መድኃኒት በክብደቱ ይወሰናል። የታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ከሆነ፥ ብዙዎች ቤታቸው ሲገቡ እንደሚያደርጉት አይጣል፤ ከተመለሱ በኋላ 4 ሳምንት ይዋጣል። የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና፥ ማኅሌት የሚቆም ምእመን ጋቢው ትከሻውን ሸፍኖ ቁርጭምጭሚቱን ራቁቱን እንዳይተውበት፥ እግሩን በካልሲ ይሸፍን፤ ማደሪያችሁም ያለ አጎበር አይሁን። በሐይቁ ዳር መታጠብና መዋኘት ቢልሃርዚያ ያመጣል፤ ውሃውም ሳይፈላ አይጠጣ። ጀልባው ላይ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ልበሱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ በጠዋት ተሻገሩ።

እኔን ይልቁን የሚያሳስበኝ የደሴቱ ቆይታ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ወባ ከተነደፉ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን አድብታ ስለምትነሣ፥ በሐምሌ 19 የተነደፈ ሰው ብርድ ብርድ የሚለው ልክ ፍልሰታ ሲገባ ነው፤ ያን ጊዜም ቤተሰቡ ምክንያቱን ለጾሙ ወይም ለምች ይሰጣል፥ አዲስ አበባ ያለው ሐኪምም ወባን ሳይጠረጥር በራስ ምታት ክኒን ሊሸኘው ይችላል። አንደኛዋ ዓይነት ወባ ደግሞ በጉበት ውስጥ ለወራት ተኝታ በጥቅምት ወይም በጥር ልትነሣ ትችላለች። ስለዚህ ትኩሳት በተሰማችሁ ቀን፥ ሳታድሩ፥ የደም ምርመራ አድርጉ፤ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁም «ከጣና ነው የመጣሁት» በሉት።