ክሪፕቶ ገንዘብ ከአንዱ ብሎክቼይን ወደ ሌላው ሲዛወር የሚሻገረው ምንድን ነው?

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ እዚሁ ሱሉልታ በቅርብ የማውቀው ልጅ የገጠመው ነገር ነው። ልጁ ውጭ አገር ላለ ደንበኛ በኢንተርኔት የዲዛይን ሥራ ይሠራል፤ የሚከፈለውም በዩኤስዲቲ ነው። አንድ ቀን ደንበኛው “በየትኛው ኔትወርክ ልላክልህ?” ብሎ ሲጠይቀው “ርካሹን ምረጥ” አለው። ገንዘቡ ተላከ። በብሎክቼይኑ መዝገብ ላይ መድረሱም ይታያል። ነገር ግን ልጁ ሒሳብ የከፈተበት የመገበያያ ድርጅት ያንን ኔትወርክ ስለማያስተናግድ በሒሳቡ ላይ አንድም ሳንቲም አልገባም። የሁለት ወር ድካሙ ዓይኑ እያየ ቀረ። ለድርጅቱ ቢጽፍ ቢጽፍ የሚመልስለት ማሽን ነው።

ብዙዎቻችን ዩኤስዲቲ ያው ዩኤስዲቲ ነው፣ የትም ቢሆን አንድ ነው ብለን እናስባለን። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብሎክቼይን ማለት ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠብቁት የሒሳብ መዝገብ ነው። የኢቴሪየም መዝገብ በትሮን መዝገብ ላይ ምን እንደተጻፈ አያውቅም፤ የቢትኮይን መዝገብ ደግሞ ሁለቱንም አያውቃቸውም። አንድ ቢትኮይን ከቢትኮይን መዝገብ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሊሄድ አይችልም፤ ምክንያቱም ከመዝገቡ ውጭ ሕልውና የለውም። ታዲያ “ወደ ኢቴሪየም አዛወርኩት” የሚለው ሰው ያዛወረው ምንድን ነው?

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሐዋላን እናውቃለን። ሱሉልታ ያለ ሰው ጎንደር ላለ ዘመዱ ገንዘብ ሲልክ ብሩ አውቶቡስ ተሳፍሮ አባይን አይሻገርም። እዚህ አንዱ ይቀበላል፣ እዚያ ሌላው ይከፍላል። የሚሻገረው ወሬው ነው። ከዚህም የበለጠ የሚመሳሰለው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ አሠራር ነው። በ2000 ዓ.ም. ግብይት በጀመረው ምርት ገበያ አቅራቢው እህሉን ወይም ቡናውን ለመጋዘን ያስረክባል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከዚያ ደረሰኝ ይያዝለታል። አዲስ አበባ ላይ የሚሸጠውና የሚገዛው ደረሰኙ ነው፤ ጆንያው ካለበት አይነቃነቅም።

በሁለት ብሎክቼይኖች መካከል የሚሠራው “ድልድይ” የሚባለው ነገርም ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ገንዘባችሁ በመጀመሪያው ብሎክቼይን ላይ በአንድ ስማርት ኮንትራት ውስጥ ይቆለፋል፤ በሁለተኛው ላይ በልኩ አዲስ ቶከን ይታተማል። ስትመለሱ አዲሱ ቶከን ይቃጠላል፣ የተቆለፈው ይፈታል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ደግሞ ዋጋ የሚኖረው ጆንያው መጋዘን ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት የደህንነት ጥያቄው ሁሉ ወደ አንድ ይጠቀለላል፦ የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

የሮኒን ድልድይ ታሪክ ይህንን በደንብ ያሳያል። ሮኒን አክሲ ኢንፊኒቲ ለተባለው ጨዋታ የተሠራ ብሎክቼይን ሲሆን ከኢቴሪየም ጋር የሚያገናኘው ድልድይ 9 ቁልፍ ያዦች ነበሩት፤ ከእነዚህ 5ቱ ከፈረሙ ገንዘብ ይወጣል። ሲሰሙት አስተማማኝ ይመስላል። ነገር ግን 4ቱ ቁልፎች በአንድ ኩባንያ፣ በስካይ ማቪስ እጅ ነበሩ። አምስተኛው የሌላ አካል ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ሥራ በዝቶ ስለነበር ያ አካል ኩባንያው በስሙ እንዲፈርምለት ፈቅዶ ነበር። ሥራው በታኅሣሥ ቆመ፤ ፈቃዱን ግን ማንም አልሰረዘውም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2022 ወደ ኩባንያው ሲስተም ሰብረው የገቡ ሌቦች 5ቱንም ፊርማ አገኙና 173,600 ኢተር እና 25.5 ሚሊዮን ዩኤስዲሲ ይዘው ሄዱ፤ በዶላር ከ500 ሚሊዮን በላይ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ኋላ ድርጊቱን ላዛረስ ከተባለው የሰሜን ኮሪያ ቡድን ጋር አያይዞታል። እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው፦ ስርቆቱ ለ6 ቀን አልታወቀም። የታወቀውም አንድ ተጠቃሚ 5,000 ኢተር ላውጣ ብሎ እምቢ ሲለው ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ሰው የባዶ መጋዘን ደረሰኝ ይዞ ተረጋግቶ ይተኛ ነበር ማለት ነው።

ቁልፍ ሳይሰረቅም ይዘረፋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ዎርምሆል በተባለው ድልድይ ላይ በፊርማ ማረጋገጫው ክፍተት የገባ ሌባ ምንም ሳያስቀምጥ የ120,000 ኢተር ደረሰኝ በሶላና ላይ አተመ። ጃምፕ ክሪፕቶ የተባለው ደጋፊ ኩባንያ ከኪሱ ባይተካ ኖሮ ጉዳቱ የተጠቃሚው ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኖማድ የተባለው ድልድይ ፕሮግራሙን ሲያድስ በተፈጠረ ስህተት ማንኛውንም ወረቀት እንደ ትክክለኛ መቀበል ጀመረ፤ ሰዉም የመጀመሪያውን ሌባ ትዕዛዝ እየገለበጠ የራሱን አድራሻ እየተካ ወደ 190 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የመልቲቼይን ደግሞ የባሰ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ዋና ሥራ አስኪያጁ በቻይና ፖሊስ ሲያዝ ባልደረቦቹ ቁልፎቹ በእሱ ብቻ እጅ እንደነበሩ ተናገሩ።

ስለዚህ ማዛወር ካስፈለገ፣ መጀመሪያ በእርግጥ ድልድይ ያስፈልግ እንደሆነ ማየት ይገባል። ሁለቱንም ኔትወርክ በሚያስተናግድ የመገበያያ ድርጅት በአንዱ አስገብቶ በሌላው ማውጣት ይቻላል፤ ይህ ሐዋላው ነው፣ የምታምኑትም ድርጅቱን ነው። ዩኤስዲሲ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አሳታሚው ሰርክል ራሱ በአንዱ ብሎክቼይን አቃጥሎ በሌላው የሚያትምበት መንገድ አለ፤ እዚህ ላይ ተቆልፎ ሌባ የሚጠብቅ ክምር ስለሌለ ከድልድዮች የተሻለ ይመስለኛል። በሌላ ድልድይ ከተሻገራችሁ ግን ደረሰኙን ይዛችሁ ብዙ አትቆዩ።

ወደ ልጁ ስህተት ልመለስ። የኢቴሪየምና የቢኤንቢ ስማርት ቼይን አድራሻዎች ሁለቱም ዜሮ ኤክስ ብለው ይጀምራሉ፣ መልካቸው አንድ ነው። የትሮን አድራሻ ግን በቲ ስለሚጀምር ወዲያው ይለያል። አደገኛው መመሳሰሉ ነው፤ ሲስተሙ “ተሳስተሃል” አይልም። አድራሻው የራሳችሁ ዋሌት ከሆነና የግል ቁልፉ በእጃችሁ ካለ ያው ቁልፍ በሌላውም ኔትወርክ ስለሚከፍት ገንዘቡ አልጠፋም። የመገበያያ ድርጅት አድራሻ ከሆነ ግን ቁልፉ በእነሱ ዘንድ ነው፤ ከፈለጉ ይመልሱላችኋል፣ ካልፈለጉ የለም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው የማስተላለፊያ ክፍያ ነው። በትሮን ላይ ዩኤስዲቲ ለማንቀሳቀስ ትሮን ራሱ፣ በኢቴሪየም ላይ ኢተር ያስፈልጋል። እሱን ሳይዙ የተሻገሩ ሰዎች ገንዘባቸውን እያዩ መንካት አይችሉም። የሮኒን ዓይነት ፈቃድም በየስልካችን አለ፦ ድልድዩ ቶከናችሁን እንዲወስድ ስትፈቅዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ያለ ገደብ ነው። የሚላከውን ያህል ብቻ ፍቀዱ፣ ሲያልቅም ሰርዙ። በቴሌግራም “የተጠለፈ ገንዘብ እናስለቅቃለን” የሚሉት 12ቱን ወይም 24ቱን ቃላት ከጠየቁ ሌቦች ናቸው፤ እዚህ ላይ “ምናልባት” የሚባል ነገር የለም።

ይህን የጻፍኩት ግዙ፣ ሽጡ ለማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን ጠቅሶ በቢትኮይንና መሰል ገንዘቦች መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ከሕጉ በተጨማሪ የሚያሳስበው፣ ገንዘቡ መንገድ ላይ ከቀረ አቤት የሚባልበት መስኮት አለመኖሩ ነው።

ልጁ አሁን ከደንበኛው ጋር ሲነጋገር የኔትወርኩን ስም አስቀድሞ በጽሑፍ ይልካል፤ መጀመሪያም 5 ዶላር ብቻ ያስልካል፣ ሒሳቡ ላይ ሲያያት ቀሪውን። ደንበኛው ይስቅበታል አሉ። እኔም ሙከራው መንገዱን እንጂ መጋዘኑን እንደማይፈትን ነግሬዋለሁ፤ እሱ ግን ባለፈው የቀረበት መንገዱ ላይ ስለሆነ ለጊዜው መንገዱን ልወቅ ብሎኛል።