ሞራው ከተገፈፈ በኋላ የቅርቡ ለምን ይደበዝዛል?

የዓይን ሞራ የተገፈፈለት ሽማግሌ በማዶ ያለውን ሰው በመልኩ ይለያል፤ ዳዊቱን ሲገልጥ ግን ፊደሉ ይደበላለቅበታል። ብዙ ጊዜም «ሕክምናው አልያዘልኝም» ብሎ ያዝናል። ነገሩ እንዲህ ስላልሆነ ምክንያቱንና መፍትሔውን ባጭሩ እንመልከት።

ቅርብ ያለውን ስናይ በዓይናችን ሌንስ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ሌንሱን የወጠሩት ክሮች ይላላሉ፤ ሌንሱም ይድቦለቦልና ብርሃንን የማጠፍ ኃይሉ ይጨምራል። ይህ ችሎታ ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ በግልጽ ይደክማል። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካ ደግሞ የተለመደው ዓይነት ቅርጹን ስለማይለውጥ ጨርሶ ይቀራል። የዚህን ሌንስ ተከላ የጀመረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ሲሆን፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ነው። በጦርነቱ ጊዜ በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ የቀረ የአውሮፕላን ፕላስቲክ ስባሪ ዓይኑን እንደማያስቆጣ ተመልክቶ ነበር።

ጉድለቱ ምን ያህል ነው? ለሩቅ የተስተካከለ ዓይን በ40 ሴንቲ ሜትር እንዲያነብ 1ን ለ0.4 እናካፍል፤ 2.5 ዲዮፕትር ይሆናል። ይህን ርካሽ የንባብ መነጽር ይሞላዋል።

መነጽር ለማይፈልግ ሦስት መንገዶችን እንጥቀስ። አንደኛው ኮርኒያን በሌዘር ቀርጾ አንዱን ዓይን ለቅርብ ማድረግ ነው፤ ርቀትን መገመት ስለሚቀንስ አስቀድሞ በኮንታክት ሌንስ ይሞከራል። ሁለተኛው ከተተከለው ሌንስ ፊት ብርሃንን ለሩቅና ለቅርብ የሚከፍል ስስ ሌንስ መጨመር ነው። ሦስተኛው የተተከለውን አውጥቶ በሌላ መለወጥ ነው፤ ሌንሱ ከያዘው ከረጢት ጋር ስለሚጣበቅ ጊዜው በራቀ ቁጥር ይከብዳል።

ብርሃን ሲከፈል ግን ለእያንዳንዱ ምስል የሚደርሰው ያንሳል። ስለዚህ ማታ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ሊታይ፥ ደብዛዛውን ነገር መለየትም ሊያዳግት ይችላል። ሬቲናው ለታመመ ሰው ይህ ሌንስ ብዙ ጊዜ አይመከርም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የወጣትነትን ዓይን የሚመልስ የለም፤ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መቀበል ነው። ሌሊት ለሚነዳ ሾፌርና መርፌ ለሚያሾልክ ልብስ ሰፊ የሚስማማው አንድ አይደለም። ወላጆቻችንን ወደ ሐኪም ስንወስድ የሚሠሩትን ሥራ ከቀዶ ጥገናው በፊት እናስረዳ፤ የንባብ መነጽር ሊያስፈልግ እንደሚችልም አስቀድመን እንንገራቸው።