ጉበትና ኤችአይቪ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከቢቸና ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ አሁን ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘብኝ። ሞጣ ላለ የባህል ሐኪም ልታይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መድኃኒቱ ምናልባት እጅዎ ላይ ነው። በአገራችን በስፋት የሚሰጠው በቀን አንዴ የሚዋጥ ኪኒን ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር ይዟል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጉበቱንም ቫይረስ ያዳክማሉ። ጠርሙሱን ይዘው ሄደው ቴኖፎቪር መኖሩን ከባለሙያው ጋር ያረጋግጡ። ካለ፣ ትልቁ አደጋ ማቋረጡ ነው፤ የተዳፈነው ቫይረስ ያገረሽና ጉበትን ክፉኛ ይጎዳል። «ዓይኔ ቢጫ ካልሆነ ምን ያሰጋኛል?» የሚሉ አሉ፤ ቫይረሱ ግን ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ጉበትን ሊያጠቃ ይችላል። መጠኑ ያልታወቀ ሥራሥርና አረቄ ደግሞ ለታመመ ጉበት ተጨማሪ ጉዳት ናቸው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ አብዛኛው አዋቂ አልተከተበም። እባክዎ የትዳር ጓደኛዎን ያስመርምሩ፤ ነጻ ከሆኑም ያስከትቧቸው።